ወሰን፤ በተያዘች ከተማ ውስጥ መኖር

በአገራችን ገበሬ ዘንድ ወሰን በድንጋይ ብቻ አይቆምም። ድንጋዩ የተተከለበትን ቀን የሚያስታውስ ሽማግሌ አለ፤ ሽማግሌው ቢያልፍ ልጁ ይመሰክራል፤ ምስክር ቢጠፋ እንኳ በሁለቱ ማሳ መካከል የበቀለው ዛፍ ይናገራል። ወሰን የገፋ ሰው አንድ ትልም ቢያተርፍ በማኅበርና በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያጣው ይበልጣል። ስለዚህም ነው በመንደር ዳኝነት ውስጥ የወሰን ክርክር ከሁሉ የረዘመውና ከሁሉ የመረረው።

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በየካ ክፍለ ከተማ፣ «ወሰን» የሚባል ሠፈር አለ። ስሙን ከታክሲ ረዳት አፍ በየቀኑ እየሰማነው እናልፋለን። ቃሉን ልብ ብሎ ላዳመጠው ግን አንድ የቆየ ጥያቄ ያነሣል፦ የመጣው ኃይል አንድ ትልም ብቻ ሳይገፋ አገሪቱን በሙሉ ቢገፋ፣ ከዚያም በገዛ ከተማችን ውስጥ የራሱን አዲስ ወሰን ቢያሰምር፣ በዚያች ከተማ ውስጥ ሰው እንዴት ይኖራል?

ስለ አምስቱ የጠላት ዓመታት ብዙ ተጽፏል። የተጻፈው ግን በአብዛኛው የጫካና የጦር ሜዳ ታሪክ ነው፤ ተገቢም ነው። እዚህ ላይ ላነሣው የምወደው ሌላውን ሰው ነው፦ በተያዘችው ከተማ ውስጥ ጠዋት ተነሥቶ ገበያ የወጣውን፣ የልጁ ትምህርት ቤት በር የተዘጋበትን፣ በኪሱ የያዘው ገንዘብ ነገ ይሠራ እንደሆነ የማያውቀውን ሰው። ወረራ በአንድ ቀን ይመጣል። ተይዞ መኖር ግን የየዕለት ሥራ ነው።

*

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ወደ ጅቡቲ ከሄዱ በኋላ አዲስ አበባ ለሦስት ቀን ያህል ያለ ጌታ ቀረች። ሱቅ ተዘረፈ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ተኩስ ሌትና ቀን አልቆም አለ። በየካ የሚገኘው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን በሲክ ወታደሮች ይጠበቅ ነበርና ከሺህ የሚበልጡ የልዩ ልዩ አገር ሰዎች ከግቢው ገብተው ተረፉ። የፈረንሳይ ሌጋሲዮንም በሩን ለብዙዎች ከፈተ፤ ዛሬ በእንጦጦ ግርጌ «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» ብለን የምንጠራው ሠፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ግቢ ነው። ስለዚህ ከተማዋ ገና ሳትያዝ በፊት የመጀመሪያው ወሰን ታይቶ ነበር። የኃያል መንግሥት ወረቀት የያዘ ሰው ግንብ አገኘ፤ ወረቀት የሌለው አብዛኛው ሕዝብ ከነልጆቹ ከግንቡ ውጭ አደረ።

ሚያዝያ 27 ቀን ከደሴ ተነሥቶ በጣርማ በር በኩል የመጣው የማርሻል ባዶሊዮ ሠራዊት ገባ። በዚያው ዕለት ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ አገር ስለ ኢትዮጵያ የሚከራከረውን ጋዜጣዋን የመጀመሪያ እትም አወጣች። ግንቦት 1 ቀን ሙሶሊኒ በሮማ ሰገነት ላይ ቆሞ የኢጣሊያን ንጉሥ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ብሎ አወጀ። ሰኔ 23 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዤኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ፍርድ ጠየቁ፤ በሳምንታት ውስጥ ግን ማኅበሩ በኢጣሊያ ላይ የጣለውን የንግድ ማዕቀብ አነሣ። ዓለም ፋይሉን ዘጋ። የአዲስ አበባ ሕዝብ ግን ፋይል አልነበረምና በማግሥቱም ተነሥቶ መኖር ነበረበት።

*

ድል አድራጊው መጀመሪያ የሠራው ሥራ ስም መስጠት ነው። ግንቦት 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ኤርትራ፣ የኢጣሊያ ሶማሊያና ኢትዮጵያ ተቀላቅለው «የኢጣሊያ ምሥራቅ አፍሪካ» ተባሉ። «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም ከካርታው ላይ ተፋቀ። በሕጉም ሁለት ዐይነት ሰው ተፈጠረ፦ ዜጋና ተገዢ። ዜጋው ከባሕር ማዶ የመጣው ነው፤ ተገዢው አያቱና ቅድመ አያቱ በዚያው መሬት የተቀበሩት ነው።

ከዚያ በኋላ የወጡት ሕጎች ይህንን መስመር እያጠበቁ ሄዱ። ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ኢጣሊያዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። በ1931 ዓ.ም. «የዘርን ክብር ለመጠበቅ» የሚል ሌላ የቅጣት ሕግ ተጨመረ። በ1932 ዓ.ም. ደግሞ ኢጣሊያዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ ልጄ ነው ብሎ እንዳይቀበል በሕግ ተከለከለ። በወረቀት ላይ የሚቀጣው ወንዱ ዜጋ ይመስላል። በኑሮ ግን ቅጣቱ የወደቀው አባት በሌለው ልጅና ልጁን ብቻዋን ባሳደገችው እናት ላይ ነው። ወሰን በከተማ መካከል ብቻ አላለፈም፤ በአንድ ጎጆ ውስጥ፣ በአንድ መደብ ላይ፣ በእናትና በአባት መካከል አለፈ።

በቡና ቤቱ፣ በሲኒማው፣ በሕዝብ ማመላለሻውም ሁለቱ እንዲለዩ ሆነ። ለትምህርት የተሠራውም ቤት ከዚህ አላመለጠም። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ለአውሮፓውያን ልጆች ብቻ ተለየ። ከእንጦጦ መውረጃ አጠገብ ያለው የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የጦር ሆስፒታል ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፊደልና ፈረንሳይኛ ለመማር በዚያ ግቢ የገባች ልጅ አሁን በአጥሩ ውጭ የምታልፍ «ተገዢ» ሆነች።

*

ቀጥሎ የመጣው የከተማ ካርታ ነው። በ1928 ዓ.ም. ታዋቂው የሥነ ሕንፃ ሰው ለ ኮርቡዚዬ አዲስ አበባን ፈጽሞ እንደ ባዶ ሜዳ በማየት ንድፍ ሠርቶ ለሙሶሊኒ ልኮ ነበር። ሥራው ለእርሱ አልተሰጠም፤ ጉይዲና ቫሌ የተባሉ ኢጣሊያውያን አርኪቴክቶች ተረከቡት። በነርሱ ዕቅድ የአውሮፓውያን ከተማና የአገሬው ከተማ ተለያይተው የየራሳቸው ቦታ ተመደበላቸው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ በአራዳ፣ የነበረው ትልቁ ገበያ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ተጓዘ፤ የአገሬው ሰውም አብሮት እንዲሄድ ታሰበ። «አዲስ ከተማ» የሚለው ስምና «መርካቶ» የሚለው ቃል የዚያ ጉዞ ትሩፋቶች ናቸው።

ቋንቋችን እስከ ዛሬ የሚሸከመውን አስተውሉ። ፒያሳ እንላለን፤ መርካቶ እንላለን፤ ፖፖላሬ እንላለን። ካዛንችስ ብለን የምንጠራው ለኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው ድርጅት አሕጽሮተ ስም ነው። አብዛኛው ሕንፃ ሳያልቅ የጠላት ዘመን አለቀ፤ ቃሉ ግን በአፋችን ተከራይቶ ቀረ። ሕዝቡም ቃሉን ወስዶ የራሱ አደረገው፤ መርካቶን ያህል ሐበሻ የሆነ ቦታ የት ይገኛል? ይህም አንድ ዐይነት ድል ነው፤ የማንም ጀግና ስም ያልተጻፈበት ድል።

ከገበያው ሳንወጣ የገንዘቡንም ነገር እናንሣ። ገዢው ሊሬ ብቸኛው ሕጋዊ ገንዘብ ነው ብሎ ቢያውጅም ባላገሩ እህሉንና ከብቱን በወረቀት አልሸጥም አለ። የሚያምነው የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ነበር። በመጨረሻ ኢጣሊያኖች ራሳቸው በሮማ ጠገራ ብር እየቀረጹ ለማምጣት ተገደዱ። በአንድ ቁና ጤፍ ላይ «አልቀበልም» ያለች ባልቴት ከባንክ ጋር እንደ ተዋጋች አታውቅም ይሆናል። ተዋግታለች ግን።

*

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ የኢጣሊያን ልዑል መወለድ ምክንያት አድርጎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ ተቀምጦ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ፤ ስምዖን አደፍርስ በመኪናው ይዟቸው ወጣ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን የሆነውን ስድስት ኪሎ የቆመው ሐውልት ይናገራል። የፋሺስት ፓርቲው ኃላፊ ጉይዶ ኮርቴዜ ጥቁር ሸሚዞቹን ለቀቃቸው። ጎጆ ቤንዚን እየተርከፈከፈበት ከነሰዉ ነደደ፤ ሰው በመንገድ በዱላና በአካፋ ተገደለ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ባቀረበው መዝገብ የሞቱትን 30,000 አደረሳቸው፤ ኢያን ካምቤል በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ወደ 19,000 ገምቷል። ስምዖን አደፍርስ ተይዞ በሥቃይ ሞተ። ሌሎች ብዙዎች ወደ ሶማሊያው ዳናኔ፣ በቀይ ባሕር ወዳለችው ኖኩራ፣ ወደ ኢጣሊያም ደሴቶች ተጋዙ።

ስለዚያ ጭፍጨፋ ሲነገር አንድ ነገር ይረሳል። አብርሃ ደቦጭ በኢጣሊያኖቹ የፖለቲካ ቢሮ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ነበር። ከዚያ ቀን በፊት በመንገድ ያየው ሰው «ባንዳ» ብሎት ሊያልፍ ይችል ነበር። በተያዘች ከተማ ውስጥ ሰውን ከልብሱና ከደመወዙ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ደግሞ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ሊታወሱ የሚገባቸው ከየካቲቱ በኋላ የታደኑት ናቸው። በመጋቢት 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ በየአገሩ እየዞሩ ታሪክና ትንቢት የሚናገሩ ሰዎች፣ ጠንቋዮችና ባሕታውያን እየተያዙ እንዲጠፉ ማዘዙን ለሮማ አስታወቀ። ጥፋታቸው የጠላት ዘመን በቅርቡ ያልቃል ብለው መናገራቸው ነበር። ታንክና አውሮፕላን ያለው መንግሥት መሣሪያ የሌለውን ተናጋሪ ፈራ። ግንቦት ላይ ተራው የደብረ ሊባኖስ ሆነ። የኢጣሊያኖቹ ቴሌግራም ራሱ በመጀመሪያው ቀን የተገደሉትን መነኮሳት 297 ብሎ ቈጥሯል፤ ቀጥሎም 129 ዲያቆናት ተጨመሩ፤ ኋላ የተደረገው ምርመራ ቍጥሩን ከ1,400 በላይ ያደርሰዋል። ቅኔ የሚዘረፍበት፣ ብራና የሚዳመጥበት፣ ዜማ የሚወርድበት ቤት የሥልጣን ሥጋት ሆኖ ተገኘ። ቃል ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከወዳጁ ይልቅ ጠላቱ የመሰከረለት ጊዜ ነበር።

*

ጸሐፊዎቻችን በነዚያ ዓመታት የት ነበሩ? መልሱ አንድ አይደለም፤ ትምህርቱም ያለው እዚያ ላይ ነው።

በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ በሮማ ያሳተመው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ከገዢው ጎን ቆመ፤ «አፈ ቄሣር» የሚል ማዕርግም ተቀበለ። ከነጻነት በኋላ በጅማ በግዞት ሳለ አረፈ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በስደት ሞቱ። ሐዲስ ዓለማየሁ ተማርከው በኢጣሊያ ደሴቶች ዓመታት ታሰሩ። ስንዱ ገብሩ ከጥቁር አንበሶች ጋር ወደ ምዕራብ ተጉዛ ተያዘችና አዚናራ ደሴት ገባች፤ ተመልሳ መጻፍና ማስተማርን መረጠች፤ ኋላም በፓርላማ የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆነች። «የጉለሌው ሰካራም»ን የጻፈው ተመስገን ገብሬ ከየካቲት 12 እስር ቤት በጥቂቱ አምልጦ ያየውን «ሕይወቴ» በተባለው መጽሐፉ ተረከ።

ከነዚህ ጋር ስማቸው በመጻሕፍት ብዙ ያልተነሣ የውስጥ አርበኞች አሉ። ከነርሱ ታዋቂዋ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ናት። በከተማ ተቀምጣ ለአርበኞች መረጃና ጥይት ታቀብል ነበር፤ ተይዛ ተሠቃየች፣ ወደ አዚናራ ተጋዘች፤ ስትመለስም ሥራዋን ቀጠለች። ከእርሷ በስተጀርባ ጠላ ቤት ከፍታ የወታደር ወሬ የምታዳምጥ፣ በእንጨት ሸክም ውስጥ ደብዳቤ ደብቃ ከእንጦጦ ጫካ ወዲያ የምታሻግር፣ የተገደለ ጎረቤትን ልጅ የራሴ ነው ብላ የምታሳድግ ስንት ሴት ነበረች! ሰምና ወርቅ ባለው ቋንቋ ያደገ ሕዝብ ሁለት ነገር በአንድ አፍ መናገርን ከቅኔ ቤት ተምሮ በጠላት ፊት ተጠቀመበት።

እንግዲህ የተያዘ ሕዝብ በሁለት አይከፈልም፤ አርበኛና ባንዳ ብቻ ብለን ብንጨርሰው አብዛኛውን ሰው እናጣዋለን። አብዛኛው ልጁን አብልቶ፣ ሙታኑን ቀብሮ፣ ቋንቋውን ጠብቆ ያደረ ሰው ነው። መጽናትም መታገል መሆኑን ያላወቀ የታሪክ ጸሐፊ ከዐፅም ጋር ብቻ ይነጋገራል።

*

አሁን ወደ ሌላ አገር እንሻገር፤ መንገዱን የከፈተልን ራሱ ታሪካችን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከጅቡቲ በእንግሊዝ መርከብ ተሳፍረው ሚያዝያ 30 ቀን 1928 ዓ.ም. የወረዱት በፍልስጥኤም ወደብ በሐይፋ ነው፤ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ። በዚያው ሚያዝያ የፍልስጥኤም ዐረቦች በእንግሊዝ ሞግዚት አገዛዝና በአይሁድ ሠፋሪዎች መብዛት ላይ ተነሥተው ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጀምረው ነበር፤ አድማው ስድስት ወር ያህል ዘለቀ። አገሩን ያጣ ንጉሥ አገሩን አጣለሁ ብሎ በሚፈራ ሕዝብ መካከል አለፈ። በእነዚያ የስደት ዓመታት ከኢየሩሳሌም ጥላ ሥር የተቀመጡ ኢትዮጵያውያን ብዙ ነበሩ፤ ስለ አቡነ ጴጥሮስ ሰማዕትነት «የደም ድምፅ»ን የጻፉት መኰንን እንዳልካቸው አንዱ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። እስራኤል በተመሠረተችበት በ1940 ዓ.ም. ጦርነት ከ700,000 በላይ ፍልስጥኤማውያን ከቤታቸው ወጡ። በ1959 ዓ.ም. ጦርነት እስራኤል ምዕራብ ዳርቻን፣ ምሥራቅ ኢየሩሳሌምንና ጋዛን ያዘች። በ1995 እ.ኤ.አ. በተፈረመው ስምምነት ምዕራብ ዳርቻ ሀ፣ ለ፣ ሐ እንደ ማለት በሦስት ቀጠና ተከፈለ፤ ከመሬቱ 60 በመቶ ያህሉ በሦስተኛው ውስጥ ወደቀ። በአንድ ኮረብታ ላይ የሚኖር እስራኤላዊ ሠፋሪ በአገሩ ሲቪል ሕግ ይዳኛል፤ ከሥሩ ባለው መንደር የሚኖረው ፍልስጥኤማዊ በጦር ፍርድ ቤት ይቆማል። የመታወቂያ ቀለም፣ የኬላ ሰልፍ፣ የመግቢያ ፈቃድ፣ ያለ ፈቃድ ተሠራ ተብሎ የሚፈርስ ቤት፦ የ1929ኝን አዲስ አበባ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሁሉ ባዕድ ቋንቋ አይደለም።

ሆኖም ማመሳሰል ማስተዋል ይጠይቃል። የሙሶሊኒ ሮማ በሸዋ መሬት ላይ አንዳች የታሪክ ሥር አልነበራትም፤ የአይሁድ ሕዝብ ግን ከኢየሩሳሌም ጋር ያለው ትስስር ጥንታዊ ነው፤ በአውሮፓ የደረሰበትም እልቂት ከሰው ልጅ ሁሉ መከራ የከፋው ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በእስራኤል ላይ በተፈጸመው ጥቃት 1,200 ያህል ሰው ተገድሏል፤ በተከተለው የጋዛ ጦርነት ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ፍልስጥኤማውያን አልቀዋል። አንዱ መከራ ሌላውን አይሽረውም። ሕግ የሚጠይቀው ግን ማን የበለጠ ተሠቃየ የሚለውን አይደለም፤ ዛሬ በዚህ መሬት ላይ የሚኖረው ሰው መብት አለው ወይ የሚለውን ነው።

ለእኛ ጉዳዩ የሩቅ ጉዳይም አይደለም። በዘመቻ ሙሴና በግንቦት 1983 ዓ.ም. በተደረገው በዘመቻ ሰሎሞን የሄዱት ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ዛሬ ከነልጆቻቸው ከ160,000 በላይ ሆነዋል። አያቱ ከጎንደር መንደር በእግሩ ወደ ሱዳን የተጓዘ ወጣት በአንድ ኬላ ላይ ጠመንጃ ይዞ የሌላ አያት ወረቀት ሊመረምር ይችላል። በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ያለው የዴር ሡልጣን ገዳማችንም አለ። በሚያዝያ 1962 ዓ.ም. በፋሲካ ሌሊት መነኮሳቶቻችን ቁልፉን ለውጠው ከግብጾች እጅ ያስመለሱት በከተማዋ አዲስ ገዢ በእስራኤል ዘመን ነው። በ1963 ዓ.ም. የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቁልፉ ለግብጾች ይመለስ ቢልም አፈጻጸሙን ለመንግሥት ተወው፤ ገዳሙም በእኛ እጅ ቈየ። ገዳሙ የኛ ነው ብለን ማመናችን በጎ ነው፤ ከታሪክም ማስረጃ አናጣም። ነገር ግን በተያዘች ከተማ ውስጥ የአንዱ ቁልፍ በሌላው ሰይፍ ጥላ ሥር መቀመጡን ማሰብ ደግሞ ልብን ያለዝባል።

*

የኢትዮጵያ ስም በዓለም ሕግ መዝገብ ላይ ከሚታሰበው በላይ ተደጋግሞ ይገኛል። በ1949 እ.ኤ.አ. የወጣው አራተኛው የዤኔቭ ስምምነት ያዢ መንግሥት የራሱን ሕዝብ በያዘው አገር እንዳያሠፍር ከለከለ፤ በሆለታና በቢሾፍቱ ኢጣሊያውያን ገበሬዎች መሬት ተለክቶላቸው እንደ ነበር ለምናውቅ ለእኛ ይህ አንቀጽ ደረቅ ቃል አይደለም። በ1953 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ ላይ የምትሠራውን ግፍ ለዓለም ፍርድ ቤት ከሰሱ። በ1958 ዓ.ም. ክሱ በእኩል ድምፅ ላይ በፕሬዚዳንቱ ድምፅ ተሸነፈ። በ1963 ዓ.ም. ግን ያው ፍርድ ቤት በምክር ሐሳቡ የደቡብ አፍሪካ መቀመጥ ሕገ ወጥ ነው አለ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ እስራኤል በያዘችው የፍልስጥኤም ግዛት መቈየቷ ሕገ ወጥ እንደ ሆነና በተቻለ ፍጥነት መጨረስ እንዳለበት ሐሳቡን ሲሰጥ የናሚቢያውን ውሳኔ መሠረት ካደረጋቸው አንዱ አድርጎታል። በዚህ ክር መጀመሪያ ላይ የአዲስ አበባ እጅ አለ።

የራሳችን ሒሳብ ግን ሳይዘጋ ቀርቷል። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. በተፈረመው የፓሪስ የሰላም ውል ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነ፤ ለኢትዮጵያም ውሉ የሚጸናበት ቀን ወረራው የተጀመረበት መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው ተባለ። ፍርድ ግን አልመጣም። በ1940 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ የ10 ሰዎችን ጉዳይ ቢቀበልም በኢትዮጵያ ለሠሩት ወንጀል አንዱም ችሎት ፊት አልቆመም። ግራዚያኒ በገዛ አገሩ የተፈረደበት ከጀርመን ጋር በመተባበሩ ብቻ ነው፤ ከ19 ዓመቱ ፍርድ ጥቂት ወር ታስሮ ተፈታ። ነሐሴ 2004 ዓ.ም. አፊሌ በተባለች የኢጣሊያ ከተማ መታሰቢያ ተመረቀለት።

ስለ ተሠራብን ግፍ ምስክር ስንፈልግ ዓለም ዝም ማለቱን ዛሬም እናማርራለን። ማማረራችን እውነት ከሆነ ደግሞ የሌላው ሰው ወሰን ሲገፋ ምስክርነታችንን ልንነፍገው አይገባም። ይህን የምንለው ጠላትን ለመጥላት አይደለም፤ አዲስ አበባ ከተያዘች በአምስተኛው ዓመት፣ በዚያው በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ሕዝቡ ነጻ ሲወጣ በከተማው የቀሩትን ኢጣሊያውያን እንዳይበቀል ተነግሮት ነበርና፣ በአመዛኙም ሰምቷልና። ያ ምሕረት ከድሉ ጋር አብሮ ሊነገር የሚገባው ነው። ምሕረት ግን መርሳት አይደለም። የወሰን ምስክር የሚያስፈልገው ድንጋዩ ከተነቀለ በኋላ ነው፤ ድንጋዩ ቆሞ ሳለማ ሁሉም ያየዋል።

ቸር ይግጠመን።